በአፍ ውስጥ ስለሚታይ የሻጋታ ደዌ ምልክት

የሰው አፍ ምግብ የሚገባበት፤ ነገርም የሚወጣበት በር ነው። ከዚህም ሌላ አንድ አገልግሎት አለው፤ ይኸውም በሰውነት ውስጥ የተሰወረውን ድካም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ መግለጥ ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን ሲመረምር አፉን ከፍቶ ምላሱንና ላንቃውን እንዲያሳየው የሚያዝዘው ስለ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰውነት ገና ዝም ባለ ጊዜ በአፍ ውስጥ የሚነበብ ምልክት ስላለ ነው እንጂ።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ከነዚህ ምልክቶች ስለ አንዱ ወገን ነው፤ ይኸውም በቫይረስ ደዌ ሰውነቱ በደከመ ሰው አፍ ውስጥ ስለሚታየው የሻጋታ ደዌ ነው። ነገሩ ለመንደር መምህርና ማንበብ ለሚያውቅ ሽማግሌ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጥ ነው። በገጠር ሐኪም ሩቅ ነው፤ መምህርና ሽማግሌ ግን ቅርብ ናቸው። የታመመ ሰው ቤተ ሰብ ወዴት እንሂድ ብሎ የሚጠይቀው አስቀድሞ እነርሱን ነው። የሚሰጡትም ምክር ሰውን ያድናል ወይም ያዘገያል። በዚህ ደዌ ነገር መዘግየት ቀላሉን ከባድ፤ ከባዱንም የማይመለስ ያደርገዋል።

ሻጋታ ምን እንደ ሆነ

ፈንገስ ተብሎ የሚጠራው ፍጥረት ብዙ ወገን አለው። ሊጥ የሚቦካበት እርሾ ከርሱ ወገን ነው፤ በሰነበተ እንጀራና በረጠበ እህል ላይ የሚወጣው ሻጋታ ከርሱ ወገን ነው፤ ከዝናም በኋላ ከምድር የሚበቅለው እንጉዳይም ከርሱ ወገን ነው። አብዛኛው ሰውን አይጐዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ጠላና ጠጅ የሚፈላው በርሱ ሥራ ነውና። ጥቂቱ ወገን ግን ስፍራና ጊዜ ሲያገኝ ሰውን ያሳምማል።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ካንዲዳ ይባላል። ይህ እርሾ የሚመስል፤ በዐይን የማይታይ ፍጥረት ነው። ጤነኞች ከሆኑት ሰዎች በብዙዎቹ አፍና አንጀት ውስጥ ምንም ሳይጐዳ ይኖራል። እንዳይበዛም የሚከለክሉት ጠባቂዎች አሉ፤ እነርሱም ምራቅ፤ በአፍ ውስጥ አብረውት የሚኖሩት ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች፤ ከሁሉም በላይ በደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ናቸው።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት እርሻን ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ገበሬው ጤነኛ ሆኖ በየጊዜው የሚያርመው እርሻ አረም አያሸንፈውም። ገበሬው ታሞ የተኛ እንደ ሆነ ግን አረሙ እህሉን ይውጠዋል። አረሙ ከሌላ አገር አዲስ መጥቶ አይደለም፤ ዘሩ አስቀድሞ በመሬቱ ውስጥ ነበረ፤ የጐደለው የገበሬው ጕልበት ነው። ካንዲዳም እንዲሁ ነው። በአፍ ውስጥ በዝቶ በታየ ጊዜ መጠየቅ የሚገባው አረሙ ከወዴት መጣ ተብሎ አይደለም፤ ገበሬውን ምን አሳመመው ተብሎ ነው።

ቫይረስ ጠባቂውን እንዴት እንደሚያደክም

ቫይረስ ከፈንገስም ከባክቴሪያም እጅግ ያነሰ ነው። ብቻውን ሊራባ አይችልም፤ በሕያው ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል እንጂ። ኩፍኝ፤ ኢንፍሉዌንዛ፤ ኮቪድ 19፤ ኤድስ እነዚህ ሁሉ ከቫይረስ የሚመጡ ደዌዎች ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ጠባቂውን ራሱን የሚያጠፋው የኤድስ ቫይረስ፤ ማለት ኤች አይ ቪ ነው። ይህ ቫይረስ ሲዲ ፎር የሚባሉትን የደም ሕዋሳት መርጦ ይገድላል፤ እነርሱም ሌሎቹን የሰውነት ወታደሮች የሚያዝዙ አለቆች ናቸው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በ1 ኩብ ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ከ500 በላይ ይገኛሉ። ቍጥራቸው ከ200 በታች ሲወርድ አፍ በካንዲዳ መሸፈኑ እጅግ የተለመደ ነው። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ቫይረሱ ከያዘው በኋላ እዚህ ድካም ላይ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ጤነኛ መስሎ ይኖራል።

የዚህ ደዌ ታሪክ ራሱ ከአፍ ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ግንቦት 28 ቀን 1973 ዓ.ም.፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981፤ የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቈጣጠሪያ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ በሚያወጣው ጽሑፍ በሎስ አንጀለስ ከተማ ስለ ታመሙ 5 ጐልማሶች ወሬ አወጣ። ሰዎቹ አስቀድሞ ጤነኞች ነበሩ። ሁሉም ኒሞሲስቲስ በሚባል፤ ሰውነቱ ጽኑ የሆነውን ሰው በማይደፍር የሳንባ ደዌ ተይዘው ነበር፤ ከነርሱም 2ቱ ሞቱ። ይህን የሳንባ ደዌ የሚያመጣው ፍጥረት ከፈንገስ ወገን መሆኑ በኋላ ታውቋል። ከዚህም ጋር የ5ቱም ሰውነት ለስላሳ ሽፋን በካንዲዳ ታሞ ተገኘ። ደዌው ገና ስም አልነበረውም፤ ቫይረሱም በፓሪስ በፓስተር ተቋም የተገኘው ከ2 ዓመት በኋላ በ1983 ነው። ስለዚህ መንሥኤው ሳይታወቅ በፊት ሻጋታው ታይቶ ነበር ማለት ነው። በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ነው።

በአፍ ውስጥ የሚታዩት ምልክቶች

የካንዲዳ ምልክት በ3 መልክ ይታያል።

አንደኛው ነጩ ነው። በምላስ፤ በጉንጭ ውስጥ፤ በላንቃና በጕሮሮ መግቢያ ላይ የረጋ ወተት ወይም ዐይብ የተረጨ የሚመስል ነጭ ወይም ወደ ብጫ የሚያደላ ሽፋን ይወጣል። በጥጥ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲጠረግ ይነሣል፤ ከሥሩ ግን ቀይ የሆነና አንዳንድ ጊዜም የሚደማ ሥጋ ይታያል። ሕመምተኛው አፉ ጥጥ የጐረሰ ይመስለዋል፤ የምግብም ጣዕም ይጠፋበታል።

ሁለተኛው ቀዩ ነው። ነጭ ነገር የለውም፤ ላንቃው ወይም የምላሱ መካከል ቀልቶና ለስልሶ ይታያል፤ በርበሬና ትኩስ ነገር ያቃጥለዋል። ይህ መልክ ስለማይጐላ ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ።

ሦስተኛው በከንፈር ዳርና ዳር የሚወጣው መሰንጠቅ ነው። የአፉ ጥግ ይቀላል፤ ይሰነጠቃል፤ አፉን ሲከፍት ያምመዋል። ይህ በምግብ ጕድለትም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲታይ ግን ይጠቅማል።

ከነዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ሌላ ምልክት አለ። በምላስ ጐን በኩል እንደ ጠጕር የቆመ ወይም የተሸበሸበ ነጭ መስመር ይታያል፤ ቢጠርጉትም አይነሣም። ይህ የሻጋታ ሥራ አይደለም፤ ኤፕስታይን ባር የሚባል ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ነው። ነገር ግን እርሱም የሰውነት ጠባቂ መድከሙን የሚናገር ስለ ሆነ ያለ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።

ሻጋታው ወደ ውስጥ ሲወርድ

በአፍ የቀረ ካንዲዳ ያስቸግራል እንጂ ፈጥኖ አይገድልም። ክፋቱ ወደ ታች ወርዶ የምግብ መውረጃውን ቧንቧ የያዘ ጊዜ ነው። ይህም በዐይን አይታይም፤ በጥያቄ ይታወቃል እንጂ። ሕመምተኛው ሲውጥ ያምመዋል፤ ምግቡም ከደረቱ አጥንት በስተ ኋላ የተያዘ ይመስለዋል። በመጀመሪያ እንጀራ፤ ቀጥሎ አጥሚት፤ በመጨረሻም ውሃ እንኳ መዋጥ ያቅተዋል። ረኃብና ጥማት ከደዌው ጋር ሆነው ይጥሉታል። ቤተ ሰብ ምግብ እንቢ አለ ብሎ ሲያዝን፤ እርሱ እየተራበ መዋጥ ያቃተው መሆኑን አያስተውልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኤች አይ ቪን ደዌ በ4 ደረጃ ይከፍለዋል። የአፍ ካንዲዳ የሚሰነብት ወይም የሚመላለስ ሲሆን በ3ኛው ደረጃ ይቈጠራል። ወደ ምግብ ቧንቧ የወረደ እንደ ሆነ ግን በ4ኛው፤ ማለት በመጨረሻው ደረጃ ይገባል። ስለዚህ በአፉ ነጭ ነገር ያለበት ሰው ሲውጥ ያምመኛል ያለ ጊዜ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገሩን ተናግሯል ማለት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ካንዲዳ የገባበት ቤት ጠባቂው የደከመ ቤት ስለ ሆነ ሌላ ሻጋታም ይገባበታል። ከነዚህ እጅግ የሚያስፈራው ክሪፕቶኮከስ ነው። እርሱ በአፈርና በወፎች ኵስ፤ ይልቁንም በርግብ ኵስ ውስጥ ይገኛል፤ በትንፋሽ ገብቶ ወደ ራስ ይወጣና የአንጐልን ሽፋን ያሳምማል። ምልክቱ ለቀናትና ለሳምንታት የማይተው የራስ ምታት፤ ትኩሳት፤ ማስመለስ፤ የዐይን መፍዘዝና የአእምሮ መለዋወጥ ነው። የአፍ ሻጋታ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ የራስ ምታት ከተጨመረበት ነገ የሚባልበት ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይገባዋል።

ጥቁሩ ምልክት

እስካሁን የተነገረው ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ሻጋታ ነው። ፈጥኖ የሚገድል ሌላም ሻጋታ አለ፤ እርሱም ሙኮርማይኮሲስ የሚባለውን ደዌ የሚያመጣው ነው። ይህ ሻጋታ በአፈር፤ በፍግ፤ በበሰበሰ ቅጠልና በሻገተ ዳቦ ላይ የሚገኝ ነው። ሰው ሁሉ ብናኙን በየቀኑ ይተነፍሰዋል፤ ጤነኛውን ግን አይደፍረውም። ደዌው በሰው ላይ መታየቱን ፓልታውፍ የሚባል ሐኪም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ጽፎታል፤ ከዚያ ወዲያም ብዙ ዘመን እምብዛም የማይታይ ደዌ ሆኖ ኖረ።

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፤ ወደ ኢትዮጵያም መጋቢት 4 ቀን መግባቱ በታወቀ ጊዜ፤ ሰው ሁሉ የፈራው ሳንባን የሚያውከውን ቫይረስ ነበር። በሚከተለው ዓመት በህንድ አገር ሁለተኛው የወረርሽኝ ማዕበል ሲነሣ ግን ከቫይረሱ የዳኑ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላ ደዌ ተይዘው ወደ ሐኪም ይመለሱ ጀመር። የአንዱ ጐን ፊታቸው አብጦ፤ የላይኛው ጥርሳቸው ተነቃንቆ፤ ላንቃቸውም ጠቍሮ ነበር። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የራጃስታን ክፍለ አገር ደዌውን ወረርሽኝ ነው ብሎ ዐወጀ፤ የህንድ መንግሥትም በየስፍራው የታየው ሁሉ እንዲነገረው አዘዘ። እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ የታወቁት ሕመምተኞች ከ45,000 በላይ፤ የሞቱትም ከ4,300 በላይ ሆኑ። ከተረፉት ብዙዎቹ ዐይናቸውን ወይም የመንጋጋቸውን አጥንት አጥተው ተረፉ።

ምክንያቱ 3 ነገር በአንድ ሰው ላይ መገናኘቱ ነው። አንደኛ፤ ቫይረሱ ሰውነቱን አደከመ። ሁለተኛ፤ ከታመሙት ብዙዎቹ የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ በደም ውስጥ የበዛ ስኳርም ለዚህ ሻጋታ መልካም ምግብ ነው፤ ነጭ ሕዋሳትንም ያዳክማል። ሦስተኛ፤ ዴክሳሜታሶንና እርሱን የሚመስሉ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ያለ ልክ ተሰጡ። ዴክሳሜታሶን ኦክሲጅን እስኪያስፈልገው ድረስ የታመመውን ሰው ከሞት እንደሚያድን በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው ምርመራ ተረጋግጧል። ነገር ግን የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ የሰውነትንም ጠባቂ ያስተኛል። ስለዚህ የሚያድነው መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰው ወይም ከልክ በላይ በተሰጠ ጊዜ ለሻጋታው በር ይከፍታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንም አገር ይሆናል፤ ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥም ሆነ መወጋት አይገባም።

ሕዝቡ ደዌውን ጥቁር ፈንገስ ብሎ ጠራው። የጠቈረው ግን ሻጋታው አይደለም፤ ሻጋታው በደም ሥር ውስጥ እየበቀለ ደሙን ስለሚዘጋው የሞተው ሥጋ ነው። ስለዚህ መጥቈሩ የመጀመሪያው ምልክት አይደለም፤ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከርሱ በፊት የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ያልተበላ ጥርስ ማመምና መነቃነቅ፤ ከድድ መግል መውጣት፤ የጉንጭ ወይም የከንፈር መደንዘዝ፤ ያንዱ ጐን ፊት ማበጥ፤ ከአፍንጫ ደም የቀላቀለ ወይም የጠቈረ ፈሳሽ መውረድ፤ የዐይን ማበጥ፤ የዐይን ሽፋን መውረድና አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም በቅርብ በብርቱ ታሞ የተነሣ ሰው ከነዚህ አንዱን ባየ ጊዜ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ በደም ሥር መስጠት፤ የሞተውን ሥጋ በቀዶ ሕክምና ማስወገድና የደሙን ስኳር ማስተካከል ነው፤ ይህም ሁሉ በመንደር ሊደረግ የማይቻል ነው። ደዌው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን መሸሽ አያስፈልግም።

ምልክት መስሎ ምልክት ያልሆነ

ዕውቀት በጐደለው ጥንቃቄ ሰው እንዳይበደል ይህን ክፍል አስተውሎ ማንበብ ይገባል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን በምላሱ ላይ የወተት ቅሪት ይታያል፤ ይህ ሲጠረግ በቀላሉ ይነሣል፤ ሥሩም አይቀላም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነተኛ ካንዲዳ ቢወጣበትም የተለመደ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ካለፈ በኋላ የማይለቅ ከሆነ ግን ሕፃኑም እናቱም መመርመር ያስፈልጋቸዋል።

ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ብዙ ቀን የወሰደ ሰው፤ በአፉ የሚነፋ የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፤ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርግ ሽማግሌ፤ እነዚህ ሁሉ ኤች አይ ቪ ሳይኖርባቸው የአፍ ካንዲዳ ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ምላስ አይቶ እገሌ ኤድስ አለበት ብሎ መናገር ሐሰትም ግፍም ነው። ምልክቱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ይህ ሰው ይመርመር ነው። ፍርዱ የደም ምርመራ እንጂ የጐረቤት ዐይን አይደለም።

እንደዚሁም ጥቁር ነገር ሁሉ ደዌ አይደለም። ከአገራችን ሰዎች የብዙዎቹ ድድ በተፈጥሮው ጠይም ነው፤ ድድን መነቀስም በልዩ ልዩ አውራጃ ያለ የቈየ ጌጥ ነው። የብረት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ምላሱና ጥርሱ ሊጠቍር ይችላል። የሚያስፈራው አስቀድሞ ያልነበረ፤ በጥቂት ቀን የመጣ፤ ከሕመም፤ ከማበጥና ከመደንዘዝ ጋር የሆነ መጥቈር ነው።

መደረግ የማይገባው

በአንዳንድ መንደር ጕሮሮውን የታመመ ሰው፤ ይልቁንም ሕፃን፤ እንጥሉ ወርዶበት ነው ተብሎ እንጥሉ ይቈረጣል። ይህ ልማድ ሻጋታውን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፤ ቍስሉ ይመረቅዛል፤ ስለቱም ከሌላ ሰው ደም ያልጸዳ ከሆነ ያልነበረውን ቫይረስ ያስገባል። እንጥል የቈረጠ ሰው በክፋት ያደረገው ባይሆንም ጉዳቱ ያው ነው። ነጩንም ሽፋን በጥፍር፤ በእንጨት ወይም በጨው መፋቅ ቍስል ከማብዛት በቀር የሚጠቅመው የለም፤ አረሙን ከላይ ቢያጭዱት ሥሩ እንደሚቀር ነውና።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበል ስለ ገባ መድኃኒቱን ይተው ማለትም አይገባም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አንድነት እንዲወስዱ መክረዋል። ይህንን ነገር ሽማግሌዎች ለሚጠይቃቸው ሁሉ ቢያስረዱ ብዙ ነፍስ ያድናሉ። ሕመምተኛው መዋጥ አቅቶት ሳለ በጾም ምክንያት ወተትና እንቍላል መከልከልም እንዲሁ ነው፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይራራለታልና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ለአንዱ የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላው ማካፈል፤ ጥቂት ሲሻለውም ማቋረጥ ሌላ ስሕተት ነው። በጐደለ መጠን የተወሰደ መድኃኒት ሻጋታውን ሳይገድለው ያስለምደዋል፤ ኋላም መድኃኒቱ ሥራውን ያጣል።

መደረግ የሚገባው

አፍን ለማየት ሕመምተኛውን በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እጅን በሳሙና ታጥቦ፤ አፉን በውሃ አጕመጥምጦ፤ ምላሱን እንዲያወጣና ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዞር፤ ራሱንም ወደ ኋላ አድርጎ ላንቃውን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች በጭምታ መጠየቅ ነው፤ ይህ ነገር ስንት ቀን ሆነው? ሲውጥ ያምመዋልን? ከስቷልን? ትኩሳት፤ ሳል፤ ተቅማጥ ወይም የራስ ምታት አለበትን? የስኳር በሽታ አለበትን? በቅርብ ምን መድኃኒት ወሰደ? መልሱ በወረቀት ተጽፎ ከሕመምተኛው ጋር ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ቢላክ የሐኪሙን ሥራ ያቀልለታል።

የካንዲዳ መድኃኒት የታወቀ ነው። ኒስታቲን የሚባለውን ኤልዛቤት ሄዝንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት ሴቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950 በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ክፍለ አገር የጤና መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ከአፈር ውስጥ ከተገኘ ፍጥረት አወጡት፤ ስሙም ከዚያ ክፍለ አገር ስም የመጣ ነው። ይህ በአፍ ውስጥ ለቀረው ይጠቅማል። ለበረታው ፍሉኮናዞል በኪኒን ይሰጣል፤ ለአፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፤ ወደ ምግብ ቧንቧ ለወረደውም ከ14 እስከ 21 ቀን ይወሰዳል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መፀነሷን አስቀድማ ትንገረው፤ መድኃኒቱ ለፅንሱ ላይስማማ ይችላልና።

ነገር ግን ሻጋታውን ብቻ አጥፍቶ መመለስ አረሙን ነቅሎ ገበሬውን በሕመም አልጋ ላይ እንደ መተው ነው። ስለዚህ ምርመራው የግድ ነው። ምርመራውም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም በኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ እስኪደክም ሳይጠበቅ መድኃኒቱን ይጀምራል። በየቀኑ ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው ሲዲ ፎሩ ይመለሳል፤ አፉ ይጸዳል፤ ይሠራል፤ ልጆቹን ያሳድጋል። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲወርድና በዚያው ሲጸና በሩካቤ ወደ ትዳር ጓደኛው አይተላለፍም።

የመምህርና የሽማግሌ ድርሻ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን ብዙ ጊዜ ደዌውን ፈርቶ አይደለም፤ ሰውን ፈርቶ ነው። እናት የልጇ ምላስ ነጭ መሆኑን እያየች ዝም የምትለው ጐረቤት ምን ይለኛል ብላ ነው። እንግዲህ የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ የተማሪውን አፍ በጓደኞቹ ፊት ማስከፈት አይደለም፤ ለብቻ ጠርቶ ወላጁን በምስጢር መምከር ነው። የሽማግሌውም ሥራ በዕድርና በማኅበር ላይ ስለ ደዌው ሲወራ ወሬውን ወደ ምክር መመለስ ነው። የአንድ ብርጭቆ ውሃ አብሮ መጠጣት፤ አብሮ መብላትና አብሮ መቀመጥ ኤች አይ ቪን እንደማያስተላልፍ የታወቀ ነው፤ ሕመምተኛውን ከማዕድ መለየት ከደዌው በላይ ይጐዳዋል።

ከዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር በልብ ቢቀር ይበቃል። በሕፃንነት ያልሆነ ነጭ ሽፋን ወይም ቅላት በአፍ ከታየና ካልለቀቀ በዚያው ሳምንት ምርመራ ያስፈልገዋል። ከርሱ ጋር ሲውጡ መታመም ካለ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የማይተው የራስ ምታት፤ የላንቃ መጥቈር ወይም ያንድ ጐን ፊት ማበጥና መደንዘዝ ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. እርሾ፤ ሻጋታና እንጉዳይ በምን ይዛመዳሉ?
2. ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ እያለ ስለ ምን አይጐዳም?
3. የወተት ቅሪትና የካንዲዳ ሽፋን በምን ይለያሉ?
4. ምላስ ብቻ አይቶ በሰው ላይ መፍረድ ስለ ምን አይገባም?
5. እንጥል መቍረጥ የሚያመጣው ጉዳት ምንድር ነው?
6. በህንድ አገር በ2013 ዓ.ም. በአንድ ሰው ላይ የተገናኙት 3 ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው?
7. የአፍ ሻጋታ ያለበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ ያለበት ምን ምልክት ሲጨመርበት ነው?